ቋሊማዬ እንደ ሰጋቱራ ተበተነብኝ፤ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

በረንዳ_ላይ | እሑድ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ከፋሲካ በኋላ የያዘኝ አባዜ ነው። ለበዓሉ በግ አርደን አንጀቱ ሊጣል ሲል "ቆይ እስቲ" ብዬ አስቀረሁት። ከሰል ላይ የሚጠበስ ቋሊማ ቤቴ ልሠራ። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም አርብም ይበላል፣ ጊዜ አለኝ ብዬ።

የምኖረው ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። መርካቶ ሄጄ በእጅ የሚዞር የስጋ መፍጫ ገዛሁ፤ ያ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰረው ዓይነት። ከሰፈር ልኳንዳ ሁለት ኪሎ ስጋ አስመዘንኩ። ቆራጩን "ልክ እንደ ክትፎ፣ ጮማ እንዳታስገባብኝ፣ ጅማቱንም አውጣልኝ" አልኩት። ጥርት ያለ ቀይ ስጋ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ፈጨሁ። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ጨው። ጥሬውን ቀመስኩት፣ ግሩም ነው። ከዚያ የሃይላንድ አንገት ቆርጬ አንጀቱን አጠለቅኩበትና በአውራ ጣቴ እየገፋሁ ሞላሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አንጀቱም አራት ቦታ ተቀደደ።

ትላንት በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠልኩ። ሦስት ጓደኞቼን ጠርቻለሁ። ቋሊማው እሳቱ ላይ እንዳረፈ መነፋት ጀመረ። እንዳይፈነዳ ብዬ በሹካ ወጋ ወጋ አደረግኩት። ጭማቂው ፍሙ ላይ ፈሰሰ፤ ጭሱ አራተኛ ፎቅ ደረሰ፤ ከላይ "ኧረ ልብሴን!" የሚል ድምፅ መጣ። በስሎ ስቆርጠው ውስጡ ግራጫ፣ ደረቅ፣ እንደ ሰጋቱራ የሚበተን። አንዱ ጓደኛዬ ትንሽ አላመጠና ቢራ ጠየቀ። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ሁሉንም ሰብስባ ስጋውን ከአንጀቱ አራገፈችና ምንቸት አብሽ ሠራችበት። ምንቸት አብሹ ይጣፍጥ ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

የቄራ_ልጅ | እሑድ ማታ 3:05

ጥፋቱ ልኳንዳው ደጃፍ ላይ ነው የጀመረው ወንድሜ። እኔ ራሴ ቆራጭ ነኝ። "ጮማ እንዳታስገባብኝ" ያልክ ዕለት ቋሊማህ እዚያው ሞቷል።

እኛ አገር ጥሩ ስጋ ማለት ቀይ ስጋ ነው። ለክትፎ ልክ ነው። ቋሊማ ግን ሌላ ዓለም ነው። እሳት ላይ ሲወጣ ውሃው ይተናል፤ ስቡ ከሌለ የሚያርሰው ነገር የለም። ከአንድ ኪሎ ውስጥ 300 ግራም ስብ ይሁን። ካልደፈርክ 250። ከዚያ በታች ከወረድክ ምንቸት አብሽ እያሠራህ ነው።

የትኛውን ስብ? እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። የኩላሊት ስብ ርካሽ ስለሆነ ሰው እሱን ይገዛል። አትግዛ። እሱ ጠንካራ ነው፤ የሚቀልጠው ከአፍህ ሙቀት በላይ ነው። ትኩሱን ስትበላ አይታወቅህም፤ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ላንቃህ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። የምትፈልገው የፍሪምባ ጮማ ነው። ለቀዩ ደግሞ ወርች። ወርች ብዙ የሠራ ጡንቻ ነው፤ ጣዕም አለው፣ ዋጋውም እንደ ሽንጥ አይጎዳም። ጅማቱን ግን ቁጭ ብለህ አውጣ፤ መፍጫው ላይ እየተጠመጠመ ነው ስጋውን የሚያደቅብህ።

የበግ ከሆነ ላቱን አትጣል። ላት ለስላሳ ስብ ነው። ከፍሪምባው ጮማ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርገው።

ሰባራ_ባቡር | እሑድ ማታ 3:11

ጭሱ አራተኛ ፎቅ ከደረሰ ቢያንስ ማስታወቂያው ተሳክቷል 😂

ቀዝቃዛ_እጅ | እሑድ ማታ 3:48

የቄራ ልጅ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ጮማ ጨምረህ እንኳን በዚሁ አካሄድ ብትሠራው ይበተንብሃል። የመበተን ምክንያቱ ሙቀት ነው።

ስጋና ስብ ሞቀው ሲፈጩ ስቡ አይቆረጥም፤ ይቀባል። መፍጫው ውስጥ እንደ ቅቤ ይለቀለቅና ስጋውን ይሸፍነዋል። እንዲህ የሆነ ቋሊማ ከሰል ላይ ሲወጣ ስቡ ወዲያው ቀልጦ ይፈሳል፣ የሚቀረው ደረቅ ስጋ ነው። ስለዚህ ስጋውንም ስቡንም በአውራ ጣት ልክ ቁረጥና ፍሪዘር ውስጥ ክተት። ጠርዙ ጠንከር እስኪል። ድንጋይ እንዳይሆን። መፍጫውን ራሱን፣ ብረቱን በሙሉ፣ አብረህ አቀዝቅዘው። ስትፈጭ ስጋውና ስቡ ነጭና ቀይ ሆነው ተለያይተው እንደ ክር ከወጡ ጎሽ። ሮዝ ጭቃ ሆኖ ከወጣ አቁምና መልሰህ ፍሪዘር ክተተው። ቁጥር ለሚወድ፣ ከ4 ዲግሪ በታች።

ሁለተኛው ጨው ነው። በኪሎ 18 ግራም። ደቃቅ ጨው ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ። ጨው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ከስጋው ውስጥ የሚያጣብቀውን ፕሮቲን የሚያወጣው እሱ ነው። ጨውህን ጨምረህ አንድ የቡና ስኒ በረዶ የሆነ ውሃ አፍስስና በእጅህ እሸው። ክትፎ እንደምታማስል አይደለም፤ ሊጥ እንደምታሽ ነው። ሦስት አራት ደቂቃ። ጣትህ በብርድ እስኪያምህ። ከእፍኝህ ትንሽ ቆንጥረህ መዳፍህ ላይ ጠፍጥፍና እጅህን ገልብጥ። ካልወደቀ ደርሷል። ከወደቀ እሸው።

ሹካውን አላነሳም፤ አንተም ገብቶሃል።

በረንዳ_ላይ | እሑድ ማታ 4:20

እውነት ለመናገር የእኔ ስጋ ከልኳንዳ መጥቶ መደርደሪያው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጧል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፍሪጅ ውስጥ ቢገባም ያው ነበር። መታሸት የሚባለውንም አላደረግኩም። በማንኪያ ነው ያማሰልኩት።

መብራት የማይታመንበት ሰፈር ምን ይደረጋል?

ቀዝቃዛ_እጅ | እሑድ ማታ 4:31

መብራት ሲኖር አራት አምስት ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ አበርድ። አንገቱ ድረስ አትሙላው፣ ይፈነዳል። በሥራው ቀን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ደርድራቸውና የስጋውን ጎድጓዳ ሳህን ላያቸው ላይ አስቀምጥ። መብራቱ ሥራ መሃል ቢጠፋም አንድ ሰዓት ያሠራሃል። ከሁለት ኪሎ በላይ ግን በአንድ ጊዜ አትጀምር።

በነገራችን ላይ የሃይላንድ አንገት ለበግ አንጀት ወፍራም ነው። የተቀደደብህ ለዚያ ነው። የበሬ ቀጭን አንጀት ይችለዋል። ለበግ የኬክ ክሬም የሚጨመቅበትን ከረጢት ከነብረት አፉ ተጠቀም። ሰፋ ያለ አፍ ያለውን።

የጓዳ_እናት | ሰኞ ጠዋት 1:15

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ስለ አንጀቱ እጥበት ማንም አልተናገረም። ልጄ፣ አንጀቱን እንዴት አጠብከው? ይሄ ጎረቤት ያስጮኸው ጭስ ጠረኑ የስጋው ብቻ ነው?

ለዱለት ስናጥብ የኖርነው ነገር ነው። ቀጭኑን አንጀት ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ከሞራው ላይ ቀስ ብለህ ስበህ ታላቅቀዋለህ። አሳድረኸው ከሆነ አይላቀቅህም፣ ይበጣጠሳል። በክንድህ ልክ ቆራርጠው። ውስጡን በቧንቧ ውሃ አሳልፍ። ከዚያ አፉን እንደ ካልሲ ወደ ውጭ አንድ ጣት ያህል እጠፈውና በእጥፋቱ ውስጥ ውሃ አፍስስበት። ውሃው በክብደቱ እየጎተተ ራሱ ይገለብጠዋል። በእንጨት መወጋጋት አያስፈልግም፤ ልጅ ሆነን ይሄን ለማየት እንሻማ ነበር።

ከተገለበጠ በኋላ መክተፊያ ላይ ዘርግተህ በቢላዋ ጀርባ ፋቀው። በስለቱ አይደለም፣ በጀርባው። ያ ለሐጫም ነገር በሙሉ ይውጣ። የሚቀረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ልብ በል፣ ለዱለት እንዲህ አንፍቀውም። ለዚህ ግን ካልፋቅከው ይሸታል፣ ለማኘክም ያስቸግራል። በጨውና በሎሚ ሁለቴ ሦስቴ እሸው፣ እጠብ። ከመሙላትህ በፊት ለብ ባለ ውሃ አርሰው። የሚያቃጥል ውሃ ከነካው ይኮማተርና አለቀለት።

የተረፈህን ጨው ውስጥ ቅበረው። በደረቅ ጨው እስከተሸፈነ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ወራት ይቆያል።

አንጀት የማያገኝ ደግሞ ሞራ ይጠቀም። ያ እንደ ነጠላ ስስ የሆነው፣ መረብ መረብ የሚለው። በለብ ውሃ አርሰህ ትዘረጋዋለህ፣ ስጋውን በጣት ልክ አድርገህ ትጠቀልልበታለህ፣ ፍም ላይ ስታወጣው ሞራው እየቀለጠ ራሱ ያርሰዋል። መሙያ አያስፈልግ፣ መቀደድ የለ። ድሮ ሞራ ገላጭ ያነበው ነበር፤ እኛ እንብላው።

በረንዳ_ላይ | ሰኞ ጠዋት 1:40

እማማ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ውስጡን ውሃ አሳልፌ በጨው አጥቤ ነው የሞላሁት። አልገለበጥኩም፣ አልፋቅኩም። ጓደኛዬ ቢራ የጠየቀው አሁን ገባኝ።

ሰባራ_ባቡር | ሰኞ ጠዋት 1:44

ጓደኛህ በሕይወት አለ?

ሒሳብ_ወዳድ | ሰኞ 4:30

ለሚያስብበት፣ የአንድ በግ ቀጭን አንጀት ወደ 25 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ስጋ ለመሙላት ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይበቃል። የተቀደደውን ብትቀንስ እንኳ ከአንድ የበዓል በግ አንጀት ስድስት ሰባት ኪሎ ይወጣል። ጎረቤት በግ ሲያርድ አንጀቱን ለምኑት፤ አብዛኛው ሰው ሊጥለው ነው።

ጀጎል_ወዲህ | ሰኞ 6:10

ሁላችሁም ቋሊማ ከፈረንጅ የመጣ አስመሰላችሁት። እኔ ያደግኩት ሐረር ነው። ዋቃሊም የሚባል አለ። የበሬ ስጋ በቅመም ተለውሶ አንጀት ውስጥ ይሞላና ለቀናት እንዲጎመዝዝ ይተዋል። መጎምዘዙን የሚያመጡት እርጎን የሚያረጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስሙስ ቢሆን፣ ዋቃሊም ቋሊማ፣ አይመሳሰልም?

አክስቴ ስትሠራው ስጋውን በመፍጫ አይደለም፣ በቢላ ነው የምትከትፈው። ደቃቅ አይደለም። ስትበላው ስጋ መሆኑ ይታወቅሃል። መፍጫ የሌላችሁ በቢላ ክተፉት፤ እጅ ያደክማል እንጂ ስቡም እንደ መፍጫው አይሞቅባችሁም።

ደግሞ ለእኛ ለሙስሊሞቹ የፈረንጁን የታሸገ ቋሊማ ማመን ይከብዳል፤ አንጀቱ ከምን እንደሆነ አታውቁም፣ ብዙው የአሳማ ነው። ቤት መሥራት ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ስጋውም አንጀቱም ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

አዋዜ_ይሻለኛል | ሰኞ 7:25

ቅመሙ ላይ እንነጋገር እንጂ። በርበሬ ያልገባበት ቋሊማ ምኑን ቋሊማ ሆነ? እኔ ብሆን በኪሎ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ።

ቀዝቃዛ_እጅ | ሰኞ 8:02

ቅቤውን ተው። በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ስብ ነው፤ ፍም ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸሸው እሱ ነው። የቅቤ ጣዕም ከፈለግክ ከተጠበሰ በኋላ ቀባው።

በርበሬው ደግሞ በአራት ማንኪያ ውሃውን ሁሉ ይጠጣና ስጋውን ያደርቀዋል። አንጀቱ በተቀደደበት በኩል የወጣው ደግሞ ያርርና ይመርራል። አንድ ማንኪያ ይበቃል። የቀረውን አዋዜ አድርገህ ከጎን አቅርብ፤ ስምህም እሱ ነው።

የአሳማ ስጋ ለማይበላ አገር ምሳሌው ሰሜን አፍሪካ ነው። ሜርጌዝ የሚባለው የበግና የበሬ ስጋ ነው፣ በቀጭን የበግ አንጀት፣ ቀላ ብሎ፣ ከሙን ገብቶበት። ከእኛ ጓዳ ሩቅ አይደለም። የጣሊያኖቹን ከወደዳችሁ ደግሞ ምስጢሩ የእንስላል ፍሬ ነው። ቆላ አድርጋችሁ ሸክሽኩት።

ከጆበርግ_መልስ | ሰኞ ማታ 1:50

ደቡብ አፍሪካ ስድስት ዓመት ሱቅ ሠርቻለሁ። እዚያ ቡረቮርስ የሚሉት አለ። ረጅም ነው፣ አይቋጠርም፣ እንደ ገመድ ጥቅልል ብሎ ነው ፍም ላይ የሚቀመጠው። ቅመሙ ድንብላል ነው፤ ቆልተው ነው የሚወቅጡት። ቀልድ አይደለም፣ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ቢያንስ 90 በመቶ ስጋ፣ ስቡም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ። የቄራ ልጅ 300 ግራም ያለውን ሳነብ ሳቅኩ፤ እዚያ ጣሪያው ያ ነው።

ሌላው፣ እዚያ ማንም ቋሊማ አይወጋም። ስትወጋ ያየህ ሰው መቆንጠጫውን ከእጅህ ይቀማሃል።

ፒያሳ_አሮጌው | ሰኞ ማታ 2:30

እኔ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ልጁ ጥሬውን ቀመስኩ አለ፣ ማንም ምንም አላለውም። ክትፎ የምንበላ ሕዝብ ነን፣ ቁርጥ የምንቆርጥ። ግን እዚህ ሁላችሁም "ይብሰል፣ ይብሰል" ትላላችሁ። ቋሊማ ሲሆን ምን አዲስ ነገር መጣ?

ነጭ_ጋውን | ሰኞ ማታ 3:15

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጀርም ብዙውን ጊዜ ያለው የስጋው ላይ ላዩ ነው። ቁርጥ ስትቆርጥ ውስጡ ብዙም አልተነካም። ስትፈጨው ግን ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ። በዚያ ላይ አንጀት አለ። አንጀት ደግሞ ምን ተሸክሞ እንደሚውል እማማ በደንብ ነግረውናል። በዚያ ላይ ቅድም መደርደሪያው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጧል። ሦስቱ ሲደመሩ ከክትፎ ጋር አይወዳደርም። ክትፎም ቢሆን ኮሶ እንዳለበት ሁላችን እናውቃለን፤ ቤታችን ስንት ጊዜ መድኃኒት ተገዝቷል።

ለተፈጨ ስጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ይድረስ። የጨውን ልክ ማወቅ ስትፈልግ ከመሙላትህ በፊት ማንኪያ ሙሉ ቆንጥረህ መጥበሻ ላይ ጠብሰህ ቅመስ። ጥሬ ስትቀምሰው ጨውና ቅመሙም በትክክል አይታወቅህም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሊመጣ እንደሆነ ስለሚታየኝ። "እንደ ቋንጣ ሰቅዬ ላድርቀው" የምትሉ ተጠንቀቁ። ቋንጣ ስስ ቁራጭ ነው፣ አየር ከየአቅጣጫው ያገኘዋል፣ ቶሎ ይደርቃል። ቋሊማ ግን የታፈነ ነው፤ ውስጡ አየር የለም፣ እርጥብ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ጀርም የሚወደው ልክ ያንን ነው። ስሙ ራሱ የመጣው ቦቱለስ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ቋሊማ ማለት ነው። አድርቀው የሚያቆዩ ሰዎች ናይትራይት ያለበት የተለየ ጨው በሚዛን ይጠቀማሉ። እኛ የምንሠራው ትኩሱን ነው። ሁለት ቀን ፍሪጅ፣ ካልሆነ ፍሪዘር።

ጀጎል_ወዲህ | ሰኞ ማታ 3:22

እኔም ዋቃሊምን "ቤታችሁ ሞክሩ" አላልኩም። አክስቴ ከእናቷ ነው የተማረችው። መጎምዘዙን በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው።

በረንዳ_ላይ | ማክሰኞ ማታ 1:30

ቴርሞሜትር አገኘሁ! ከውጭ የመጣች የአክስቴ ልጅ ሰጠችኝ። ግን የተበላሸ መሰለኝ። ልፈትነው ብዬ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 92 ይላል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። 92። ውሃ በ100 አይደል የሚፈላው? ልጣለው?

ሒሳብ_ወዳድ | ማክሰኞ ማታ 1:38

እንዳትጥለው! ትክክል ነው። 100 የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ነው። አንተ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ተቀምጠህ ነው የምታፈላው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀንስ፤ 92 ይመጣልሃል። ባቄላችን ለምን አልበስል እንደሚል አሁን ገባህ?

መፈተን ከፈለግክ የተከሰከሰ በረዶ ውስጥ ውሃ ጨምረህ ክተተው። ዜሮ ካለ ጤነኛ ነው።

ቀዝቃዛ_እጅ | ማክሰኞ ማታ 2:05

ከተገኘ አይቀር ሙሉውን ልንገርህ። ለጀማሪ የምመክረው መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ማሞቅ ነው። ማፍላት አይደለም። ውሃው 75 እስከ 80 ይሁን፤ እንፋሎቱ ይታያል፣ ግን አይንተከተክም። ቋሊማውን ክተት። ለቀጭኑ የበግ አንጀት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ውስጡ 71 ሲል አውጣ። ከዚያ ፍም ላይ የሚቀርህ ቀለምና ጭስ ብቻ ነው፣ አራት አምስት ደቂቃ። አይፈነዳም፣ አይፈስም፣ ጎረቤትም አይጮህም።

ከጆበርግ_መልስ | ማክሰኞ ማታ 2:20

ቀቅሎ መጥበስ ለእኔ ልብስ ለብሶ መታጠብ ነው። ጣዕሙ ውሃ ውስጥ ቀረ። እሳቱን ማወቅ ነው እንጂ! ከሰሉ ነበልባሉ አልቆ አመድ እስኪለብስ ጠብቅ። ፍሙን ወደ አንድ ጎን ግፋው። ቋሊማውን ባዶው በኩል አስቀምጥና ቶሎ ቶሎ አገላብጥ። መጨረሻ ላይ ብቻ ፍሙ ላይ አምጣው። ሃያ ደቂቃ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

እዚህ አገር ሰው ከሰል ገና እየጠቆረ ስጋ ይጥልበታል።

ቀዝቃዛ_እጅ | ማክሰኞ ማታ 2:26

በረንዳው ስንት ካሬ እንደሆነ ጠይቀኸዋል? ማንደጃ ላይ ምን ጎን አለው?

የቄራ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2:40

ሁለቱም ይበላል። አትጣሉ። ሲሞላ የታየ የአየር አረፋ ካለ ግን ቀድማችሁ በመርፌ ንኩት። በመርፌ። አረፋው ላይ ብቻ።

በረንዳ_ላይ | እሑድ ማታ 3:10 (ከ12 ቀን በኋላ)

ተመልሼ መጣሁ። ሁለተኛው ሙከራ።

ደንበኛዬ የነበረው ልኳንዳ ካዛንቺስ ሲፈርስ ስለለቀቀ አዲስ ሰው ጋ ነው የሄድኩት። "700 ወርች፣ 300 የፍሪምባ ጮማ" ስለው ቢላውን አቁሞ አየኝ። "ጮማውን ለብቻ? ለምን?" አለኝ። ለቋሊማ ስለው "እኔም ልምጣ" አለ። አንጀቱን ጎረቤቴ ለልጇ ክርስትና በግ ስታርድ ለመንኩ። እማማ እንዳሉት እንደ ካልሲ አጥፌ ውሃ ሳፈስበት ሲገለበጥ አራት ዓመቷ ልጄ "አባዬ ደግመው!" አለች። ስድስት ጊዜ ደገምኩት። መፋቁ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደ። ማንም ቀላል ነው አላለኝም፣ ልክ ናችሁ።

ቅመሙ፦ 18 ግራም ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ተቆልቶ የተሸከሸከ ድንብላል፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ደቆ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል፣ ግማሽ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። መፍጫውን ከነብረቱ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩት። ስጋው ነጭና ቀይ ክር ሆኖ ወጣ። ሳሽ ጣቶቼ ደነዘዙ። መዳፌ ላይ ለጥፌ ገለበጥኩ፤ አልወደቀም። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። "እሺ፣ ጎሽ" አለች፣ ስልኳን ሳትለቅ።

ከሞላሁ በኋላ እየጠመዘዝኩ ቋጠርኩት፤ አንዱን ስጠመዝዝ ሌላው ይፈታል። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ እያዞርኩ ነበር። አንዱን ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ ሳደርግ ቆመልኝ። ይሄን ማንም አልጻፈውም፤ ይኸው እኔ ጻፍኩት። ሳይሸፈን ፍሪጅ አደረ፣ ቆዳው ደረቅ አለ።

ግማሹን በቀዝቃዛ እጅ መንገድ፣ ግማሹን በጆበርግ መንገድ ጠበስኩ። የውሃው ስምንቱም በሰላም ወጡ። የጆበርጉ ሁለቱ ፈነዱ፤ የቀሩት ስድስት ግን፣ ይቅርታ ቀዝቃዛ እጅ፣ ይበልጣሉ። ስትነክሰው ቆዳው ቋ ይላል፣ ጭማቂው አገጭ ላይ ይወርዳል። ያ ቢራ የጠየቀው ጓደኛዬ ሦስት በልቶ አራተኛውን በዳቦ ይዞ ሄደ።

ችግሩ አንድ ነው። ኮረሪማው በዝቷል። መጨረሻ ላይ ቡና ቡና ይላል።

የጓዳ_እናት | እሑድ ማታ 3:35

ኮረሪማ እንዲህ በማንኪያ አይጫንም ልጄ። ለአንድ ኪሎ ሁለት ሦስት ፍሬ ፈልፍለህ እዚያው ወቅጠው። ተወቅጦ የቆየውን አትግዛ። ልጅቷን ሳምልኝ።

ከጆበርግ_መልስ | እሑድ ማታ 3:41

ስድስት ለሁለት። ተመዝግቧል።

ቀዝቃዛ_እጅ | እሑድ ማታ 3:43

ስምንት ለዜሮ ነው ያነበብኩት እኔ።

አዋዜ_ይሻለኛል | እሑድ ማታ 3:50

አዋዜ ከጎን ነበር?

በረንዳ_ላይ | እሑድ ማታ 3:52

ነበር። አለቀ። ላይ ላለችው ጎረቤትም ከመጮኋ በፊት ሁለት ፍሬ ልኬ ነበር። ሳህኑ እስካሁን አልተመለሰም።

የቄራ_ልጅ | እሑድ ማታ 4:02

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሆነ ልኳንዳው ጋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድረስ። ፍሪምባው ቶሎ ነው የሚያልቀው። ጮማውን ለብቻ ስትጠይቅ ደግሞ አትፈር፤ እኛም እየለመድነው ነው።